ዘንባባ ጭኜ አንኮበር ወጣሁ

አልዩ አምባ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሁስና፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? በስልክ ስናወራ እናትሽ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። ለዒድ የመጣችው ጎረቤታችን አፊፋ ስትመለስ ታደርስልሻለች።

የአንኮበሩን ቄስ ገብረመንፈስቅዱስን መቼም አትረሻቸውም። በየዓመቱ ሆሳዕና ሲቃረብ በቅሏቸውን እየሳቡ ወርደው ከወንዛችን ዳር ዘንባባ ይቆርጡ ነበር። ደጋው ብርድ ነው፣ ዘንባባ አያበቅልም፤ ምእመኑ ሁሉ ግንባሩ ላይ የሚያስረው የኛን ቅጠል ነው። «አንተ ጃፈር፣ ማታ ማታ ሥጋ እየበላህ ጾምኩ ትላለህ?» ይሉኛል። «እርስዎስ ከሙስሊም ማሳ ለምነው በዓል አከበርኩ ይሉ የለ!» እላቸዋለሁ።

ዘንድሮ ሐሙስ ጠበቅኋቸው፣ አልመጡም። ዓርብም ቀሩ። ስልካቸው አይሠራም። ሕዝቡ ያለ ዘንባባ ሊውል ነው ብዬ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ራሴ ቆርጬ አህያዋ ላይ ጫንኩና ዳገቱን ተያያዝኩት። ትንፋሽ እያጠረኝ በየድንጋዩ ተቀምጫለሁ።

ደጃቸው ስደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሐና ጥቁር ለብሰው ወጡ። ጭነቱን ሲያዩ «ውይ ጃፈር፣ አልነገሩህም?» አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቄሱ ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት አልፏል። መንገዱ ስለሚያስፈራ ወደ ቆላ ወርዶ የሚያረዳኝ ሰው ጠፍቶ ነው። የዕድሜ ልክ ወዳጄን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ። እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

እዚያው አድሬ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቆሜ ዘንባባው ሲታደል አየሁ። ከቅዳሴው በኋላ ደግሞ የሙታን ጸሎት ተጀመረ። ወደ ውጪ ወጥተው አጠገቤ የቆሙትን ወይዘሮ ወለተሐናን «ለእሳቸው ነው?» አልኳቸው።

«ለሁላችንም ነው» አሉኝ። «በሕማማት ፍትሐት አይደረግም። በሳምንቱ ለሚሞት ሰው ዛሬ ቀድሞ ይደረግለታል።»

ይህ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። እኔም ቀድሜ ልንገርሽ። ደብረ ብርሃን ያየኝ ሐኪም ሳንባዬ ላይ ያለው በሽታ የሚድን እንዳልሆነ ነግሮኛል። ልጅቷ በሰው አገር ትሸበራለች ብላ እናትሽ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር። መሐላዬን አፈረስኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

የኛ ቀብር ቀን አይሰጥም፣ ልጄ። በሞትኩበት ዕለት እቀበራለሁ፤ ከጅዳ ብትበሪም አትደርሺብኝም። ለመቃብሬ ከምትመጪ ለእኔ ነይ። ለአረፋ እጠብቅሻለሁ።

የምታገለግያቸውን ሰዎች ልብ አላህ ያራራልሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ያድርስሽ።

አባትሽ ጃፈር ያዕቁብ