ሦስት መቶ አስራ ሁለት ዓይን

ጥቅምት 6

ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ለመነሳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የዓይን ክፍሉ ኃላፊ የጠብታውን ጥናት ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄዷል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የዓይን ግፊት ተመልሶ እስኪጨምር ስንት ቀን ይፈጃል? በአሮጌው ጠብታ ነው ወይስ በአዲሱ የሚዘገየው? «አዲሱ ያለጥርጥር ይበልጣል» ይላል። «በሦስት መቶ አስራ ሁለት ታካሚዎች ታይቷል...»

ከየት አመጣቸው? የሆስፒታሉን መረጃ የምይዘው፣ የታካሚዎቹንም ካርድ አንድ በአንድ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። መቶ ሃምሳ ስድስት ሰዎች ናቸው። ዓይናቸውን ቆጥሮ ነው።

ጥቅምት 7

ነገርኩት። «ዓይን ዓይን ነው እህቴ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀን አለው» አለኝ። እህቴ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። የአንድ ሰው ዓይኖች እኮ ናቸው... ሁለቱም ላይ ያው ጠብታ። አንዱ ግፊቱ ከተመለሰበት ሌላውም ብዙ አይቆይም። አንድ ምስክር ሁለቴ አስምሎ ሁለት ምስክር አለኝ ማለት ምን ይሉታል?

ጥቅምት 10

የአንድን ሰው ዓይኖች አንድ ላይ አስሬ ስሌቱን እንደገና ሠራሁት። የሁለቱ ጠብታዎች ልዩነት ሳሳ። በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። አዲሱ አይሠራም አላልኩም... አናውቅም ነው ያልኩት። እሱ ግን ፋርማሲው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አሮጌውን ማደል እንዲያቆም ጽፏል።

አዲሱ ያቃጥላል። አባቴ ሁለቱም ዓይኑ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ሞክሮት ሳምንት አልዘለቀም። ጠርሙሱን አልጋ ስር ደብቆ «ጨረስኩት» ይለኝ ነበር። እንደሱ ያለ ስንቱ አለ?

«ለአባትሽ ብለሽ ነው» አለኝ ኃላፊው፣ ያውም የክፍሉ ሲስተር ፊት። ለአባቴ ብዬ ነው እንዴ? ቢሆንስ? ቁጥሩ እንደሆነ አባቴን አያውቀውም።

ጥቅምት 15

ስብሰባ። እያንዳንዱን ዓይን ሁለት ሁለቴ መዝግቤ አቀረብኩ። «አሁን ስድስት መቶ ሃያ አራት ደርሰዋል፤ ውጤቱም ይበልጥ አምሯል። ልጻፈው?» ሲስተሯ ሳቋ አመለጣት። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር መነጽራቸውን አውልቀው ኃላፊውን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ እንዴት ይሁን ትያለሽ?»

«ለአንዱ ዓይን አዲሱ፣ ለሌላው አሮጌው። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ በዕጣ። ያኔ ሰው ከራሱ ጋር ይወዳደራል።»

ጸደቀ። አሮጌው ጠብታም እስከዚያው ይታደላል። ኃላፊው ሲወጣ «በይ እንግዲህ ሰው ፈልጊ» አለኝ። የሚያቃጥለውን ወድዶ የሚቀበል ማን አለ?

ኅዳር 2

አባቴ ለጥናቱ ፈርሟል። ሳይነግረኝ፣ ሲስተሯ ጋ ሄዶ። ጮህኩበት። «የሰው አባት ስትጠይቂ አላፈርሽም፤ የራስሽን ትደብቂያለሽ?» አለኝ።

አዲሱ በዕጣ ለቀኝ ዓይኑ ደረሰ። ጋዜጣ የሚያነብበት እሱ ነው።

ኅዳር 3

ጠዋት እኔው ጨመርኩለት። ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ወር ሙሉ በኃላፊው ስናደድ ከረምኩ... ዛሬ በራሴ ነው።

«እስከ መቼ ነው?» አለኝ።

«ግፊቱ እስኪመለስ። ካልተመለሰ ሁለት ዓመት።»

እንባውን ጠረገና ግራውን ከፍቶ ጠበቀኝ።