ሳጥኑ ውስጥ ያልገባው ክር

አፎልተርን፣ ዙሪክ
ጥቅምት 2010 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፤

የጄኔቭ የሐይቅ ንፋስ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ከዚያ ሁሉ ደረጃ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ሲወጡ በፈረንሳይኛ ሲወርዱ በአማርኛ ነው የምትራገሚው? ጌቶችሽ ለልጆቹ የትምህርት ቤት እረፍት አገራቸው መሄዳቸውን ሰምቻለሁ፤ ቢያንስ ለጥቂት ቀን ወገብሽ ያርፋል ብዬ ደስ ብሎኛል። በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔም እንደዚያው ልል ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ዘንድሮ ግን «በቀር» የምለው ነገር በዝቶ «ደህና» የሚለው ቃል ብቻውን ቀረብኝ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትዪ ይሆናል። ስልክ ስይዝ አፌ ቀድሞኝ ይቀልዳል። ወረቀት ላይ ግን ቀልዱ ሲመጣ አየዋለሁና እሰርዘዋለሁ። መስመሩ ላይ ጥቁር ጥቁር ያለውን ስታዪ ለማንበብ አትታገዪ፤ ያንቺን አፍንጫ የሚመለከትም አለበት።

ሐሙስ ዕለት ስትደውዪልኝ ስለ ጤናዬ ጠየቅሽ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቅሽ፣ ስለ ዝናቡ እንኳ ጠየቅሽ። «እትዬ ሕብስትስ?» ሳትዪ ግን ስልኩን ዘጋሽው። እዚህ አገር ከገባሽ ጀምሮ እንዲህ አድርገሽ አታውቂም፤ ሁልጊዜ የምታስቀድሚው ሚስቴን ነው፣ እኔማ ምርቃት ነኝ። ከጀርባሽ ደግሞ ሰው የድስት ክዳን ሲከድን ሰማሁ፤ ያውም ጌቶችሽ በሌሉበት ቤት። ምንም አልልም። አጎትሽ ቢያረጅም ጆሮው አላረጀም።

ስለዚህ ሕብስት ከቤት የወጣችበትን ነገር ላንቺ ልንገርሽ። ስታነቢ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። እንደ ልጅነትሽ በአፍንጫሽ አታንብቢ።

ጥፋቱ ካንቺ ይጀምራል። ለእንቁጣጣሽ እኛ ዘንድ መጥተሽ ሕብስት ስልክ ላይ ያንን ጨዋታ የጫንሽው አንቺ ነሽ፤ ረቡዕ ከሰዓት የጌቶችሽን ልጆች እየያዝሽ በሐይቁ ዳር የምትዞሪበትን። አንዱ ትንሽ ሳጥን ይደብቃል፣ ስልኩ ቦታውን ይጠቁማል፣ ያገኘ ሰው ከፍቶ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል። ከፈለገ ከውስጡ አንድ ነገር ወስዶ በምትኩ የራሱን ያኖራል። ከዚያ እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። ጂኦካሺንግ ነው አልሽ፤ እኔ ምላሴ ላይ አልቆም ስላለኝ የትልቅ ሰው ድብብቆሽ አልኩት። ሕብስት ግን ወደደችው። ማታ ማታ መነጽሯን አድርጋ ካርታው ላይ ነጥቦቹን ስታይ አያት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ ቀሰቀሰችኝ። ጫማዋን አድርጋ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዛ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ትውላለህ አለችኝ። ፈቃድ አልጠየቀችኝም፤ ያስታወቀችኝ ያህል ነው።

የመጀመሪያው ከባቡር ጣቢያችን ጀርባ የብስክሌት ማቆሚያው ብረት ላይ በማግኔት የተለጠፈ፣ አውራ ጣት የምታህል ቆርቆሮ ነበር። እሷ ወዲያው አገኘችው። እኔ የሰው ብስክሌት ወንበር አንድ በአንድ ስደባብስ አንዲት አሮጊት ሌባ መስዬአቸው ቆመው አዩኝ። በካርቶን ጀርመንኛዬ መልካም ቀን ተመኘሁላቸው። መቼም ታውቂዋለሽ፣ እኔ ቋንቋውን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ዲቲኮን የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ከካርቶን ላይ ነው፤ በዚህ በኩል ወደ ላይ፣ ከእርጥበት ጠብቅ፣ ተሰባሪ ነው በጥንቃቄ ያዝ።

ሁለተኛው ከሕንፃዎቹ ጀርባ ካለው ጫካ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በድንጋይና በቅጠል ተሸፍኖ ነበር። የምሳ ዕቃ ነው። ከፈትኩት። የታጠፈ ሚስማር፣ የወፍ ላባና በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ አለበት። ሕብስት እጄን በጥፊ መታችና ተው አትንካው፣ መተት ነው አለች። ዙሪክ ውስጥ! ዓይኔን አገላብጬ አጉተመተምኩ፤ የአፎልተርን ባል ሁሉ ለሚስቱ ይታዘዝ ተብሎ የተቀበረ ነውና ሳይሠራብኝ ቶሎ ክደኚው አልኳት። እንግዲያስ ከኪሴ አልለየውም ብላ ሳቀች። ዛፉን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች።

ካሳቅኋት ቆይቼ ነበር። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ልቀልድ ወሰንኩ። የሳቀችው አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ የቀኑ ፈቃድ መሰለኝ።

ገና ሳጥኑን ሳንመልስ ውሻ የያዙ ባልና ሚስት በመንገዱ መጡ። በጨዋታው ሕግ የማያውቅ ሰው መደበቂያውን ማየት የለበትም። ሕብስት በሻርፗ ሸፈነችውና ቶሎ በል እንጣላ አለችኝ፤ የሚጣላ ባልና ሚስት አጠገብ ማንም አይቆምም፣ ስዊስ ደግሞ ይሮጣል። እኔ ትናንት ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብዬ ጀመርኩ። እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንተ ሰው ከአፍህ ቁም ነገር ወጥቶ ያውቃል ወይ አለችኝ። ሳለቅስ ትቀልዳለህ፣ ዝም ስል ትቀልዳለህ፣ ድንጋዩን ሄደን እናምጣው ስልህ ፈረቃ አለብኝ አልከኝ፣ እኔ ለመሆኑ የምኖረው ከማን ጋር ነው አለች። ድምፅዋ ጫካውን ሞላው። ባልና ሚስቱ ውሻቸውን ጎትተው አለፉ። እኔ አጨበጨብኩላት። አቤት ትወና፣ ይህን ያህል ዓመት የእንጀራ ምጣድ ሳይሆን ቲያትር ቤት ነበር የሚያስፈልግሽ አልኳት። ጎንበስ ብላ ሳጥኑን በቅጠል ስታለብስ ፊቷን አላየሁትም።

ድንጋዩ ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም፤ ያኔ አገር ቤት ገና ድክ ድክ ትዪ ነበር። እዚህ በመጣን በማግስቱ ዓመት ሴት ልጅ ወልደን ነበር። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነሣች። ጥርስ ሳታወጣ በሳንባ ሕመም አረፈችብን። በዚህ አገር መቃብር እስከ ምጽአት አይቆይም። ጊዜው ሲሞላ ድንጋዩ ይነሣና ቦታው ይለቀቃል። አምና ከፋሲካ በኋላ የትንንሾቹ ረድፍ ተራ ደረሰ። ድንጋዩን የፈለገ ቤተሰብ መጥቶ ይውሰድ ተብሎ ነበር። እኔ ፈረቃ ነበረብኝ፤ መቀየር እችል ነበር፣ አልቀየርኩም። ሕብስት ብቻዋን ስትሄድ ሣር ተዘርቶበት ደረሰች።

የልጄን ስም ከቀብሯ ቀን ወዲህ አልጠራሁትም። ሕብስት ስትጠራው ወሬ እለውጣለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጥራልኝ ስትለኝ ቀልድ አመጣለሁ። ሰዉ ጠባዩ ነው ይላል። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ለሁለት ተከፍሎ ሰላምታ ሲነፋፈግ፣ ከሁለቱ ወገን አስፋንና ካሣዬን አስቄ ከአንድ ሰሃን ያስበላሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገር ሁሉ በሳቅ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

ካትሰንዜ ሐይቅ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ሦስተኛው ሳጥን ውኃው ዳር ባለ አሮጌ ዛፍ ክፍተት ውስጥ ነበር፤ አረንጓዴ ብረት፣ ደህና ክዳን ያለው። ሕብስት ወረቀቱን አውጥታ የተጻፈውን ስም ሁሉ በጣቷ ተከተለችው። ሰው ሁልጊዜ እየመጣ ይከፍተዋል ማለት ነው አለችኝ። አዎ አልኳት። ያገኘውን ይጥለዋል ወይ አለችኝ። አይጥለውም፣ አይቶ መልሶ ያኖረዋል፤ የወደደም ይዞት ሄዶ ሌላ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ አገር ለአገር የሚዞርም አለ ብላለች የእህቴ ልጅ አልኳት። እንደዚያማ ከሆነ ጥሩ ነው አለች። ሻይ ቀዳችልኝ። ከዚያ ከደረቷ መሐረብ አውጥታ ፈታች።

ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ የተገመደ ክር ነው። ጡጫዬን አይዞርም። የልጃችን የክርስትና ማተብ ነበር። እንዳለ አላውቅም ነበር። ይህን እዚህ ላኑረው፣ ሰው እየመጣ ይየው አለችኝ። አንተ ደግሞ የእኛን ስም ተወውና የእሷን ጻፍልኝ አለችና እስክሪብቶውን በእጄ አስያዘችኝ።

የእህቴ ልጅ፣ እስክሪብቶውን ከፈትኩት፣ መልሼም ከደንኩት። ያንን እንድታይብኝ አልፈለግሁም። ኧረ ተዪ ሕብስት፣ ስዊስ ቢያገኘው ጥርሱን ይፈቀፍቅበታል አልኳት።

አልጮኸችም። ጫካ ውስጥ ጮኻ ጨርሳለች። ክሩን በመሐረቡ መልሳ ጠቀለለችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። እኔ እዚያ ወረቀት ላይ «ሕብስትና ባለቤቷ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም የሚስቅ ፊት ሣልኩ።

በአውቶቡሱ ከፊቴ ካለው ወንበር ብቻዋን ተቀመጠች። ቤት ገብተን እራቴን እንደ ወትሮው አቀረበችልኝ። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ካፖርቷ ከመስቀያው ላይ አልነበረም። ድስት ውስጥ ሽሮ ሠርታልኛለች፤ ጨው አልገባበትም።

ትናንት ብቻዬን ወደ ካትሰንዜ ሄድኩ። ያለ ስልክ አገኘሁት። ከእኔ በኋላ የመጣ አንድ ሰው የሚስቀውን ፊቴን አይቶ ከጎኑ ሌላ የሚስቅ ፊት ሥሎልኛል። ምን ያድርግ፣ ደስ ያለው ሰው የጻፈው መስሎት ነው። የእኔን ሰረዝኩት። ስሟን ልጽፍ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ዳክዬዎቹ ዳቦ ያመጣሁ መስሏቸው ከበቡኝ። አልጻፍኩትም። ክሩ በሌለበት ብቻዬን ጽፌ ብመጣ እንደ ድንጋዩ ጊዜ ይሆናል፤ ያኔ እሷን ብቻዋን ላክኋት፣ አሁን ደግሞ እኔ ብቻዬን ልቀድማት አልፈልግም። ሳጥኑን እንደነበረ መልሼ ደበቅሁት። ዝናብ አይገባበትም፣ አይቼዋለሁ።

አጠገብሽ ያለው ሰው ድስቱን ትቶ እያዳመጠ ከሆነ ይህን ንገሪልኝ፤ የዘንድሮ ቅዳሜዎቼን በሙሉ ፈረቃ አስቀይሬአለሁ። ከጄኔቭ የሚመጣው ባቡር ዙሪክ ሲገባ ጣቢያው ውስጥ ካለው ትልቁ ሰዓት ሥር እቆማለሁ። ያ ሰው ካልመጣም ቆሜ እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለውም እቆማለሁ። ፔርሙሱን እኔ እይዛለሁ። አልቀልድም ብዬ አልምልም፣ ውሸት ይሆንብኛል። የምትለውን ጨርሳ እስክትል ግን አፌን እይዛለሁ።

አንቺን ደግሞ እግዚአብሔር እግርሽን ከደረጃ፣ ልብሽን ከቀልደኛ ባል ይጠብቅልኝ። ከማዕድሽ ሰው አይጥፋ። የሸሸግሽውንም ደህና አድርገሽ ያዢልኝ።

ያንን ወረቀት ሳልጽፍበት መመለሴ እጄ ስላልለመደም ነው። ስለዚህ እዚህ ላላምደው። ከዚህ በታች ያለውን አንቺ እንዳታነቢው፤ ወረቀቱን አጠገብሽ ላለው ሰው ስጪው።

የማህሌት አባት