በዘጠነኛው ምስማር ላይ ያለው ቁልፍ

አዋሽ፣ ግንቦት 4 ቀን 1974 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት፦ ከስምንቱ ክፍል ስድስቱ ተይዘው አድረዋል። ሰባት ቁልፍ በቦታው ተሰቅሏል፤ የሁለት ቁጥሩ ሾፌር ገና አልተነሳም። ሙቀቱ ስለበረታ አራት እንግዶች አልጋቸውን ወደ ግቢ አውጥተው ነው የተኙት። በዘጠነኛው ምስማር ላይ አንድ ቁልፍ አለ፤ የእኛ አይደለም።

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሁሴኔ። አፈር ከለበስክ ዓመት ከአምስት ወር ሆነህ። በዚህ ደብተር የምጽፈው የአልጋውን፣ የአንሶላውንና የውሃ በርሜሉን ብቻ እንደነበር ታውቃለህ። ዛሬ ግን ለአንተ ነው የምጽፈው። የምነግርህ ነገር በየትኛውም መስመር ላይ አልቀመጥ አለኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የተከልከው ኒም ቆርቆሮውን አልፏል፤ ነፋስ ሲነሳ ጣሪያውን ይፍቀዋል፣ እንግዳም «ማን ነው ላይ?» እያለ ይነሳል። የአምስት ቁጥሩ አልጋ እግር በሽቦ ያሰርከው እስካሁን ይዟል፤ አናጢው ሊያድሰው ቢል እንዳይነካው ከልክየዋለሁ። የቀበሌው ሰው በየጠዋቱ እየመጣ የእንግዳ መዝገባችንን እንደ ጋዜጣ ቁጭ ብሎ ያነባል። ባቡሩ እንደ ድሮው ነው፤ በሰዓቱ የመጣ ቀን ሰው ይደነግጣል።

የግራ ዓይኔ ደግሞ ድኗል። አንተ ስትሞት የጀመረው ጭጋግ እየባሰ ሄዶ፣ የአዲስ አበባ ሐኪሞች «ሕመሙ ከዓይኑ ጀርባ ነው፤ እዚህ አይሠራም» አሉኝ። የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት፣ የመውጫ ፈቃድ እያልኩ ሰባት ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ ሮማ ተላክሁ። የእህቴ ልጅ ከማል እዚያ መሆኑ በጀኝ። ቤቱን ለወንድምህ ሚስት አስረክቤ፣ ሁሉን ከሸከፍኩ በኋላ፣ ከዘጠነኛው ምስማር ላይ ያንን ቁልፍ አወረድኩት።

ታስታውሳለህ፤ ንጉሡ ሊወርዱ ዓመት ሲቀራቸው፣ የመንገድ ሥራ ማሽን የሚጠግን አንድ ጣሊያናዊ አራት ቀን እኛ ዘንድ አድሮ፣ ወደ አሰብ ሲሄድ ከትራሱ ሥር ቁልፍ ረስቶ ሄደ። ከቁልፉ ጋር ከባድ የነሐስ ድቡልቡል ተንጠልጥሏል፤ በላዩም አሥራ አራት ቁጥር፣ ሮማ ያለ የአንድ ሆቴል ስምና መንገዱ ተቀርጿል። ሰውዬው ከአገሩ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ቀርቶበት ነው። እኔ «ተወው፣ ነሐሱ ለመዝጊያ ማቆሚያ ይሆነናል» አልኩ። አንተ የጭነት መኪና ለምነህ ተከተልከው። አዳይቱ ላይ መኪናው ተሰብሮ ኮፈኑ ላይ ተኝተህ አደርክ። ሚሌ ስትደርስ «ትናንት ቀትር ላይ አልፏል» አሉህ። በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሰህ፣ ቁልፉን እንደያዝክ ተመለስክ። እኔም ምን ስል እንደነበር አልደብቅህም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስምህን በክፉ አነሳሁ።

አንተ ግን መዶሻ ፈለግህ። ስምንት ክፍል ላለው ቤት ዘጠነኛ ምስማር መታህ። «የሦስት ቁጥሩን ቁልፍ ያ የድሬዳዋ ነጋዴ ይዞብን ሲጠፋ ስንት ቀን ተሳደብኩ? እዚያም እንደኔ የሚሳደብ አንድ ሰው አለ» አልክ። «እንግዲያው በፖስታ ላከው» አልኩህ። «የሰው አደራ ነው፤ አማና ከእጅ ወደ እጅ ነው» ብለህ ዘጋህ። ስትታመምም ያነሳኸው እሱን ነው፤ «ሰዓዳ፣ ሌላው ሁሉ የራሳችን ነው፤ ያቺ ቁልፍ ግን የሰው ናት።»

ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ከማልን በስልክ «በዚህ አድራሻ ያለውን ሆቴል ፈልግልኝ» አልኩት። አገኘው። ድምፁ ግን ደስ ያለው ሰው አይመስልም፤ «አክስቴ፣ በጣም ርካሽ ሆቴል ነው፤ የተሻለ ልፈልግልሽ።» «ርካሽ ነው ብለህ ነው የምታስፈራራኝ?» አልኩት።

አንተ ብታየው ኖሮ አንድ ሳምንት ሙሉ ስትጠይቅ ትሰነብት ነበር። ርካሽ ሆቴል የትም አገር ከባቡር ጣቢያ አይርቅም፤ ያም ከጣቢያው አጠገብ፣ አሮጌ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሳንቲም ካላጎረሱት አይነሳም። ይህን ብልሃት ለውሃ በርሜላችን አስቤው ነበር፤ ከዚያ የአዋሽ ሰው ምን እንደሚለኝ ሳስብ ተውኩት። የመስኮቱ መዝጊያ እንጨት ነው፤ እንደኛው ፀሐይ ሲወጣ ይዘጉታል። በመስኮቱ ማዶ የሺህ ዓመት ነው የሚሉት የፈረሰ ግንብ አለ፤ ድመት ተኝቶበታል፣ ማንም አያፈርሰው፣ ማንም አይጠግነው። ከጣቢያ አጠገብ ያን ያህል ቦታ ያለ ሥራ! ሁለት ቀን ቆሜ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ገባኝ፤ የእኔን ክፍል ጭምር የሚያከራየው ያ ግንብ ነው። ሰው እሱን ሊያይ ይመጣል፣ ሲመሽ አልጋ ይፈልጋል።

አንሶላውን ከፍራሹ ሥር እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥረው ይቀብሩታል። የመጀመሪያ ቀን መግቢያው ጠፍቶብኝ ከላይ ተኛሁ። ሽንት ቤቱ በኮሪደሩ ጫፍ ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ከእጅ መታጠቢያው ጎን ዝቅ ያለ፣ ቧንቧ ያለው የሸክላ ገንዳ አለ። ከማልን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። እኔ አይቼው ገባኝ፤ ከሽንት ቤት መልስ በውሃ መታጠብን የሚያውቅ ሕዝብ ነው ብዬ አከበርኳቸው። ቁርስ ላይ የሚሰጡት ዳቦ ከላይ ጽጌረዳ መስሎ ውስጡ ባዶ ነው። አየር በዳቦ ጠቅልሎ መሸጥ! ባለቤቲቱን በዚህ አደነቅኋት።

ያልለመድኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንተ ወጉን ከአፋሮቹ ይዘህ፣ እንግዳ ሲመጣ ከየት እንደመጣ፣ ዝናቡን፣ መንገዱን፣ የታመመውንና የዳነውን ሳትጠይቅ ቁልፍ ሰጥተህ አታውቅም። እኔም ልማዱ ተጋብቶብኛል። ባለቤቲቱ ፓስፖርቴን ተቀብላ፣ ወረቀት አስፈርማ የሃያ ሁለት ቁጥርን ቁልፍ ገፋ አደረገችልኝ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«አለቀ እኮ፣ አክስቴ» አለ ከማል።

«ምኑ አለቀ? ገና ምንም አልጠየቀችኝም።»

ሴትዮዋ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ነጋዴ ለነጋዴ ተያየን። ያንን ቀን አሥራ አራት ቁጥርን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ዕቃ ከማስረከቤ በፊት የማስረክበውን ሰው ማወቅ እፈልጋለሁ።

ባወቅሁት ጊዜ ቁርስ ላይ ነበርኩ። ቦርሳ የሚሸከም አንድ ሽማግሌ አለ፤ ቆቡ ሰፋ ያለው፣ ጉልበቱን የሚያመው። ከወጥ ቤት አንዲት ሠራተኛ የሆነ ስም ጠርታ ጮኸችበት፤ ሁሉም ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም። ከማልን «ምን ብላ ነው የጠራችው?» አልኩት።

«አሥራ አራት።»

ዳቦውን አስቀመጥኩ። «ለምን?»

ከማል አስተናጋጁን ጠየቀልኝ። ድሮ ሽማግሌው ቁልፍ ጠባቂ ነበር አሉ። አንድ ቀን የአሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ ጠፋ። «እንግዳው ይዞት ሄዷል» ብሎ ቢምል የሚያምነው አጣ። ለወዳጁ ሰጥቷት ነው፣ ሰክሮ ጥሎት ነው፣ ያልተባለው የለም። ከቁልፉ ጠረጴዛ አንስተው ቦርሳ ተሸካሚ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «አሥራ አራት፣ ቁልፍህ ተገኘ ወይ?» ይሉታል። ስምንት ዓመት።

ተነስቼ ወደ ክፍሌ ወጣሁ፤ ቁልፉን ይዤ ወረድኩ። ባለቤቲቱ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ አልፌያት ሄጄ በሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖርኩለት። መጀመሪያ ሳንቲም የሰጠሁት መስሎት አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ክብደቱ ተሰማው። አየው። ሁሴኔ፣ ያ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ኮሪደሩን እየሮጠ፣ በየበሩ ላይ በነሐሱ እያንኳኳ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ከማል ሳቁን ይዞ ተረጎመልኝ፤ «ውጡ! ወዳጄ መጣች! ከአፍሪካ መጣች! ኑና እዩ የሰጠኋትን ሴት!»

ባለቤቲቱ ቁልፉን ተቀብላ አገላበጠችው። «መቆለፊያው ከተቀየረ ቆይቷል፤ ምንም በር አይከፍትም» አለች።

«በር ሊከፍት አልመጣም፤ ባለቤቴ የላከው ነው» አልኳት።

ከዚያ ቁልፉን ለሽማግሌው መለሰችለትና እሱ ራሱ በቦታው ሰቀለው። ስሙን ጠየቅሁት። ጁሊዮ አለኝ። ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠና ያን ጊዜ መጠየቅ ጀመረ፤ ከየት እንደመጣሁ፣ መንገዱ ስንት ቀን እንደሆነ፣ አገራችን ዘንድሮ ዝናብ አግኝቶ እንደሆነ። አንተ ብታየው የአፋር ሰው ነው ትል ነበር። አዳይቱ ላይ ኮፈን ላይ ማደርህን ሁለቴ አስደገመኝ። መሞትህን ስነግረው ቆቡን አወለቀ።

አሁን የምልህን እዚያ ተቀምጬ ነው ያሰብኩት፤ ቅር እንዳትሰኝብኝ። አንተ አማና ከእጅ ወደ እጅ ነው ብለህ ስምንት ዓመት ያ ቁልፍ በምስማር ላይ ተቀመጠ። ልብህ ንጹሕ ነበር። ግን አንተ በጠበቅህበት ዓመት ሁሉ ጁሊዮ በየጠዋቱ ተሰደበ። በፖስታ ብትልከው ኖሮ በወሩ ስሙ ይመለስለት ነበር። እኔም ብሆን በነሐሱ መዝጊያ ላቆምበት ነበር፤ ስለዚህ አልፈርድብህም። የሰው ዕቃ እኛ ዘንድ ሲቆይ ዝም ብሎ እንደማይቆይ ግን ሁለታችንም አላወቅንም።

ዓይኔን ሠሩልኝ፤ ሁለት ሳምንት በአንድ ዓይን ሮማን አየሁ። የዚያ ቤት ደንብ እንግዳ ሲወጣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ እንዲሄድ ነው። እኔ የክፍሌን ቁልፍ ለማን እሰጣለሁ? በመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ፣ ቋጥሬ ገባሁ። ባለቤቲቱ በክፉ ዓይን ብታየኝም አልፈታሁትም። በመጨረሻው ማለዳ ሊፍቱ ሳንቲሙን በልቶ አልነሳ አለ። ጁሊዮ «እኔ እያለሁ!» ብሎ ሻንጣዬን አምስት ፎቅ በትከሻው አወረደ። ታች ስንደርስ ለልጆችህ፣ ለወንድምህ፣ ለባቡሩ ሳይቀር ሰላምታ ላከ። ታክሲው ይጮሃል፣ ከማል ይጎትተኛል።

ነገሩ የተገለጠው አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ነው። ፈታሿ ልጅ ወገቤን ዳበስ አድርጋ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። መቀነቴን ፈታሁ። የነሐስ ድቡልቡል፣ ሃያ ሁለት ቁጥር።

«እናቴ፣ ትርፍ ቤትዎን ሮማ አደረጉት እንዴ?»

«ቤት የለኝም ልጄ፤ ጥፋት ነው ያለኝ» አልኳት። ስቃ አሳለፈችኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። አንድ ቁልፍ ልመልስ ሄጄ ሌላ ይዤ መጣሁ። ያን ማለዳ ከእኔ ጋር የወረደው ማን ነው? እሱ። ሻንጣዬን የያዘው ማን ነው? እሱ። አሁን እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ምን ብለው እንደሚጠሩት አውቃለሁ። ከመጣሁ ስምንት ቀን ሆነኝ፤ ስምንት ጊዜ «ሃያ ሁለት» ተብሏል ማለት ነው።

በመጣሁ ማግስት ቁልፉን ሰሌዳችን ላይ ልሰቅል ስሄድ፣ የዳነው ዓይኔ ከዘጠነኛው ምስማር በላይ ጽሑፍ አየ። ከስምንቱ ቁጥሮች ጋር በዚያው ቀለም የጻፍከው ነው፤ እኔ ቆሻሻ እየመሰለኝ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ኖሬያለሁ። «የሰው» ይላል። ግማሹን አጥፍቼዋለሁ፤ ግማሹ ይነበባል።

ከእንግዲህ በጨርቅ አልነካውም። ምስማሩንም አልነቅለውም። እንግዳ ሲመጣ ከየት እንደሆነ ሳልጠይቅ ቁልፍ አልሰጥም፤ የቀበሌው ሰው በመዝገቡ የማያገኘውን የዝናቡን ወሬ እጠይቃለሁ። በዚህ አስታውስሃለሁ፤ በለቅሶ እንደማልችልበት ታውቃለህ። በአንድ ነገር ብቻ ከቃልህ እወጣለሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ እስካደርስ አልጠብቅም። አላህ ይዘንልህ፣ ሁሴኔ።

ነገ፦ ቀበሌ ሄጄ የምልከው ምን እንደሆነ ማስረዳት። ከዚያ ፖስታ ቤት። ቁልፉን በጨርቅ ጠቅልሎ በአደራ ደብዳቤ መላክ። በላዩ የሚጻፈው ስም የባለቤቲቱ አይደለም፤ ጁሊዮ ነው።