ከቅሬያችን ተሰርዞ ስለነበረው ጊታር ተጫዋች ስለ ዛኪር ዓሪፍ ሞትና ቀብር

እኛ የመርሳ ወንዝ ማዶ ቅሬ አባላት፣ በአንድ እድር የምንቀባበር እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የወይዘሮ ዘሀራ ልጅ ጊታር ተጫዋቹ ዛኪር ዓሪፍ ዛሬ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወልድያ በሕክምና ላይ እንዳለ መሞቱን ለአባላትና ለአካባቢው ሕዝብ እናስታውቃለን። አዝነናል። ሐዘናችን ግን ቁጣ አለበት፤ ቁጣውንም አንሸፋፍነውም።

የወልድያ ሰዎች «ዝነኛው አርቲስት» እያሉ በየስልኩ እየለጠፉ ነው። እኛ ዛኪር ነው የምንለው። አንቱም አንለውም፤ ያሳደግነው ነው።

በ1993 ዓ.ም. ገና ጥርሱን ነቅሎ ሳይጨርስ በመውሊድ መንዙማ ሲያወጣ ትልልቆቹ ተቀባይ ሆኑ።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የቅሬያችን ጠሪ ነበር። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቶ የሟቹን ስም ይጣራል፤ ድምፁ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። በእሱ ጊዜ «አልሰማሁም» ብሎ ከቅጣት ያመለጠ አባል የለም።

በ2002 ዓ.ም. ከደሴ ጊታር ይዞ መጣ። ማንም አላስተማረው፤ አምባሰሉንም ትዝታውንም በጆሮው ይዞ በጣቱ አወጣው። እጁ ጥሩ ነበር። መጥፎውን ጥሩ የማለት ልማድ የለንም፤ ጥሩ ካልን ጥሩ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የወልድያው ባንድ መሪ ስዩም መኪና ይዞ መጥቶ ወሰደው። አላስፈቀደንም። ቅሬው ያለ ጠሪ ቀረ። ዛሬ በስልክ ነው የምንጠራራው፤ ግማሹ ስልኩን ያጠፋል።

ከዚያ ወዲያ ከውርጌሳ እስከ ሐራ ያለው ሰርግ የእሱ ሆነ፤ ቀብሩ የእኛ ብቻ። በ2010 ዓ.ም. አቶ ሞገስን አፈር ስናለብስ እሱ ከመንገዱ ማዶ ሰርግ ላይ ጊታር ይመታ ነበር። ድምፅ ማጉያው ቄሱን ጸሎታቸውን አስቋረጣቸው። አቶ ሞገስ ጎረቤቱ ነበሩ፤ በልጅነቱ ሲታመም አዝለው ጤና ጣቢያ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ሰው ብንልክበት «ሰርግ ጥዬ አልመጣም» አለ። ሰረዝነው። ያኔም ልክ ነበርን፤ ዛሬም ልክ ነን።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ክርክር ተነሣ። ከአባሎቻችን «ለሰው ያልቆፈረ አይቆፈርለትም» ያሉ አሉ። ደንብ ነው፣ አልተሳሳቱም። ስዩም ደግሞ ደውሎ «እናንተ ካባረራችሁት እኛ በክብር እንሸኘዋለን፤ ለቅዳሜ መድረክ እያሠራን ነው» አለ። የእስላም ሬሳ እስከ ቅዳሜ! «መድረክ ላይ የተቀበረ ሰው የት አይተሃል፣ አንተ ልጅ?» ብለን ዘጋንበት።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ዘሀራ መጥተው ፊታችን ቆሙ። «እኔ ከማን ቀብር ቀርቼ አውቃለሁ? ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ቤት ውኃ ቀድቻለሁ፣ ንፍሮ ቀቅያለሁ። ልጄን ከአፈር አታዘግዩብኝ» አሉ።

ስለዚህ ቅሬው ወስኗል። የአባል ልጅ ሲሞት ቅሬው ይቆፍራል፤ ይህም ደንብ ነው። የምንቆፍረው ለእናቱ ነው። የተሰረዘ ስሙ አይመለስም። ሬሳውን አባሎቻችን ከወልድያ ይዘው እየመጡ ነው፤ ዐስር እንደተሰገደ እዚሁ መርሳ ይቀበራል። አባላችን ደሳለኝና የማዶ ጎረምሶች መቆፈር ጀምረዋል። አኩርፎ የሚቀር አባል እሱም ይሰረዛል።

የባንዱ ልጆች ሆይ፣ ኑ። ጊታሩንም ማጉያውንም መኪና ውስጥ ትታችሁ ኑ። አካፋ እኛ ጋ አለ፤ ቃሬዛውንም ከእኛ ጋር እየተፈራረቃችሁ ትሸከማላችሁ። ለእናንተም ጓደኛችሁ ነበርና አላህ ያጽናችሁ።

ለወይዘሮ ዘሀራና ለቤተሰቡ አላህ ሰብሩን ይስጣቸው፤ እሱንም ይማረው። ከቀብር መልስ እናቱ ደጅ ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን። ስለ ዛኪር ክፉ መናገር ያማረው ካለ እኛ እዚህ ወረቀት ላይ ተናግረንለታል፤ ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ቃል እንዳንሰማ።

የቅሬው ዳኛ አማን ሰይድና አባላት
መርሳ፣ ሐብሩ