ስማቸው የተላጠ አርባ ሦስት ጣሳዎች
የጋሽ ኩሽኔታን ዕረፍት አስመልክቶ ከአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በየቀኑ ስለ ጎረቤታችን ስለ እትዬ ጤና ለምትጠይቁን አባላትና ወዳጆች፦ ግራ እጃቸው ደህና ነው። ቀኙ ትናንት ጠዋት ጣቱን ትንሽ አንቀሳቅሷል። አንደበታቸው ግን ከወደቁ ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ሾርባ በማንኪያ ይወስዳሉ። ሊያስታምሟቸው የመጡት ታናሽ እህታቸው አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አዙረውላቸዋል። ሴት ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ ማታ ማታ ትደውላለች፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደርጉላቸዋል፤ እሳቸው ይሰማሉ፣ እሷ ታለቅሳለች። ሐኪሙ «ጊዜ ስጧቸው» ብሏል። እኛ ዘንድ የጠፋው ደግሞ እሱ ራሱ ጊዜው ነው።

ማኅበራችን የእትዬን ባለቤት፣ መሥራች አባሉንና የቴክኒክ ክፍል ኃላፊውን ጋሽ ኩሽኔታን ባለፈው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን በድንገተኛ የልብ ሕመም መነጠቁን የሚገልጸው አንጀቱ እያረረ ነው። ኩሽኔታ በመኪና እግር ውስጥ ሆኖ ያለ ዕረፍት የሚሽከረከር ብረት ነው። እሳቸውም መቀመጥ የሚባል ነገር ስለማያውቁ ነው ስሙ የወጣላቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነበር።

ጋሽ ኩሽኔታ ሠላሳ አራት ዓመት በፖስታ ቤት ደብዳቤ በመለየት አገልግለዋል። በእጃቸው ያለፈ ደብዳቤ የሰው ቤት ተሳስቶ ገባ ሲባል አልተሰማም። መኪና መጠገን መተዳደሪያቸው ሆኖ አያውቅም፤ ፍቅራቸው ነበር።

ማኅበሩ በተመሠረተ ዓመት አምስት አባላትና አምስት የማይንቀሳቀሱ መኪናዎች ነበሩን። ጋሽ ኩሽኔታ በአንድ ሳምንት አራቱን አስነሥተዋል። አምስተኛዋ ሞተር እንደሌላት የታወቀው ክዳኗ ሲከፈት ነው። ባለቤቷ ዛሬም አባላችን ናቸው፣ ዛሬም በተስፋ ነው ያሉት።

በስድስተኛው ዓመት፣ ዶሮ ያደርባት የነበረችውን ፊያት ሴይቼንቶ ከአንድ ግቢ ጥግ አንሥተው ወደ ቤታቸው አምጥተዋል። ወለሏ በዝገት አልቆ የተቀመጠ ሰው እግሩ መሬት ይነካ ነበር። ላሜራውን በገዛ እጃቸው ቀጥቅጠው፣ በሮቿን አቃንተው፣ የወተት ቀለም ቀብተው ሰው አደረጓት። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ እትዬን ጎናቸው አስቀምጠው ወጥተዋል።

ባለፈው ዓመት ሞተሯ ማጨስ ስለጀመረ ፍሬኗን ጨምረው እስከ መጨረሻው ብሎን ፈቱት። እሳቸው ሲፈቱ እትዬ ጣሳ ይዘው፣ ብሎኑ ሲወድቅበት ድምፁን እየሰሙ ከጎናቸው ይቆሙ ነበር። ጋሽ ኩሽኔታ «ቁጥር ይረሳል፣ የሰው ጠባይ ግን አይረሳም» ባይ ነበሩና፣ የእያንዳንዱን ቦታ ብሎን በየጣሳው እየለዩ፣ ጣሳው ላይ ቁጥር በመጻፍ ፈንታ ከቤተሰብና ከሰፈር ሰው የአንዱን መጠሪያ በወረቀት ይለጥፉበት ነበር። እንዲህ አርባ ሦስት ጣሳ ሞላ።

አሁን ማኅበሩ መናዘዝ አለበት።

በቀብራቸው ማግስት እኛ አባላት ለማገዝ ብለን ጋራዣቸውን ልናጸዳ ገባን። መደርደሪያው ላይ «አማቴ»፣ «ነገረኛው አናጢ»፣ «የማትጠግበው»፣ «ሊቀመንበር» የሚል ተለጥፎ አየን። ሰፈርተኛው እየገባ እየወጣ ነው፤ አናጢው ራሱ ከውጭ ተቀምጧል። ሟች እንዳይታሙብን ብለን ወረቀቶቹን በሙቅ ውሃ ላጥናቸውና በፌስታል አሰርናቸው። ጣሳዎቹንም አጥበን፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ አሰልፈን፣ «እንዴት አማረ!» ተባብለን ወጣን።

ሳምንት አልፎ ሥራውን እንጨርስላቸው ብለን ሞተሯ ያለበትን የኋላ ክዳኗን ስንከፍት ክው አልን። ሞተሩም ፍሬኑም ላይ በየቦታው በነጭ ቀለም፣ በዚያ በፖስታ ቤት ጽሑፋቸው፣ እነዚያው ስሞች ተጽፈዋል። ማራገቢያው ላይ «ሊቀመንበር»። ጩኸት በምታፍነዋ ማርሚታ ላይ «አማቴ»። ቦታው ስም አለው፣ ጣሳው ስም የለውም።

መካኒኩ አባላችን ጣሳዎቹን እያየ ራሱን ያዘ። «እሳት የሚሰጠውን ካንዴላማ ማን ያጣዋል? ይሄ ሁሉ ብሎን ግን መንትያ ነው! ደግሞ ግማሹን በሞረድ ሞርደው ራሳቸው የሠሩት ነው፣ የትም መኪና ላይ ለክቼ አላገኘውም። ያለ ቦታው ገብቶ ከጠበቀ ሞተሩ ይሰነጠቃል። ምን ነካችሁ? ጣሳ ነው ያጠባችሁት ወይስ የሰውዬውን ጭንቅላት?»

እትዬን እንጠይቅ ብለን ወደ ቤታቸው ስንሮጥ በሩ ተዘግቷል። ከዋዜማው ወድቀው ሐኪም ቤት ገብተው ኖሯል።

ከዚህ ወር ማብቂያ በኋላ እህታቸው ወደ ሌላ ከተማ ይዘዋቸው ይሄዳሉ፤ ግቢውም ለአከራዩ ይመለሳል። እስከዚያ ሞተሩ ካልተገጠመ ሴይቼንቶዋ ለብረት ገዢ ናት፤ የትኛው ጣሳ የማን እንደሆነ የሚያውቁት ብቸኛ ሰው እትዬም አብረው ሄዱ ማለት ነው። ይህ መግለጫ የዘገየውም ሰው ፊት የምናቆመው ቃል ስላጣን ነው። ጥፋቱ የማኅበሩ እንጂ የማንም ግለሰብ አይደለም።

ለእትዬ፣ ለልጃቸው፣ ለእህታቸውና ለቀድሞ የፖስታ ቤት ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። እሳቸው ሁሉን በየቦታው ሲያደርሱ እንደኖሩ፣ ፈጣሪም ነፍሳቸውን በቦታዋ ያድርስልን። ለራሳችን ምን እንደምንመኝ አናውቅም።

እስካሁን ወደ ግቢው ከመጡት ውስጥ፦ አከራዩ ማክሰኞ ዕለት መጥተው «አዝናለሁ፤ ግን ሠላሳ ማለት ሠላሳ ነው» ብለው ሄደዋል። ብረት ገዢው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «እህ፣ ተነሣች?» አለ። ነገረኛው አናጢ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» ሲል ጠየቀ። ፍሬኑ ላይ መሆኑን ሲያይ «መቼስ እኔ ባልኖር አይቆሙም ነበር» ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ሊቀመንበራችን ከሰኞ ጀምሮ ጣሳዎቹን ስድስት ስድስት አድርገው ወደ እትዬ አልጋ ያመላልሳሉ። ድምፁን ቢያውቁት ብለው ጆሯቸው አጠገብ ያንቃጭሉላቸዋል፤ እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ምንም የለም። እህታቸው «የታመመ ሰው ቤት እኮ ነው! ጋራዥ አደረጋችሁት!» ብለው ተቆጥተዋል፤ እውነታቸውን ነው።

ከላይ ያለው ተጽፎ ካደረ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት አሥራ ዘጠነኛው ጣሳ ሲንቃጨል የእትዬ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ሊ… ሊቀ… መንበር።»

ሊቀመንበራችን ብድግ አሉ። «አቤት እትዬ! አቤት! አለሁ!»

እትዬ በጭንቅላታቸው እንቢ አሉ፤ በግራ እጃቸው ጣሳውን መታ መታ አደረጉት።

«እርስዎን አይደለም እኮ፣ ጣሳውን ነው!» አሉ እህታቸው፣ እየሳቁና እያለቀሱ።

ሊቀመንበራችን ከፌስታሉ የራሳቸውን ስም ፈልገው በእጃቸው ለጠፉት። መካኒኩ ብሎኖቹን ወስዶ ማራገቢያው ላይ ሞከረና ከግቢው «ገባ!» ብሎ ተጣራ።

አርባ ሁለት ጣሳና ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። ስንወጣ እህታቸው በር ድረስ ሸኙን፦ «ነገ ከቁርስ በኋላ ኑ። ያንን ‹አማቴ› የሚለውን ወረቀት ደግሞ ለብቻው ያዙት። እናታችን ናት፤ እህቴ በድምጿ ታውቃታለች።»