ፍቼን ለሣህሌ የሰጠሁ ዕለት

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፋናዬ፣

ከፋሲካ ወዲህ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? እማዬ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? ጋሽ ተሰማስ፣ ልጆቹስ፣ የግቢያችን ሰው ሁሉ ደኅና ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዘንድሮ እያንዳንዱን ጥያቄ መልሱን እየፈራሁ ነው የምጽፈው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሆሊውድ ባለው ሆቴል የእንግዶችን መኪና ማቆሙን አልተውኩም፤ ትምህርቴም አልተቋረጠም።

ከሚያዝያ ወዲህ ደብዳቤሽ አልደረሰኝም። ሁለት ጊዜ ስልክ ላስደውል ሞክሬ መስመር የለም ተባልኩ። ስለዚህ የሆነውን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ። አንብበሽ ስቀሽብኝ ብትተዪው ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ሣህሌን በደብዳቤዬ ታውቂዋለሽ፤ አብሮኝ መኪና ያቆም የነበረው ጭምቱ ልጅ። እዚህ ቤዝቦል የሚሉት፣ ኳስ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ አለ። ማስቲካ ስትገዢ አብሮ የተጫዋች ፎቶ ያለበት ካርድ ይወጣል፤ ከጀርባው የትውልድ ቀኑ፣ ቁመቱ፣ በየትኛው እጁ እንደሚወረውር ሳይቀር ተጽፏል። ሣህሌ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ አለው። እሑድ እሑድ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለችው ክፍሌ ከሀገራችን ልጆች ከኤልፍነሽና ከብርሃነመስቀል ጋር እንሰበሰብና ካርዱን ደረቱ ላይ ለጥፎ «እንቆቅልህ» ይለናል። ኤልፍነሽ ደግሞ የሙዚቃ ሸክላ ልባስ በነጠላዋ ሸፍና ስለ ዘፋኝና ስለ መለከት ነፊ ትጠይቃለች። «ዓይነ ስውር ነው፣ ፒያኖ ይመታል» ስትል ሦስታችንም በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። የሣህሌን ግን ማን ይችለዋል። ደንቡ የልጅነታችን ነው፤ ያላወቀ ሀገር ይሰጣል፣ ጠያቂው ካልወደደው ሌላ ይጠይቃል፣ ከወደደው ሀገሩ ገብቼ እንዲህ ሆንኩ እያለ በተሸናፊው ይቀልዳል፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስታችንም በተራ ተሸነፍን። ኤልፍነሽ ደሴን ሰጠች፣ ብርሃነመስቀል ጅማን። እኔ ስለ አንድ ግራኝ ወርዋሪ ተጠይቄ አላወቅሁትም። ለንደንን ሰጠሁት፣ አልፈልግም አለ። ቶኪዮንም ናቀ። «ካም ኦን ክፍሉ፣ እነሱ እኮ ዘመድ ያላቸውበትን ነው የሰጡኝ፤ ያንተን ስጠኝ» አለኝ። እኔ ሞኙ እየሳቅሁ ፍቼን ውሰድ አልኩት።

ሦስቱም ከተሞች የገባው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። «ፍቼ ገብቼ ምን አጥቼ፤ ድንኳን ተጥሎ ደረስኩ፣ ሰዉ ቦታ ለቀቀልኝ» አለ። ድግስ መስሎን ሳቅን። በፍቼ ላይ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ የታችኛው ማጠፊያው በሽቦ የታሰረ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ገፍቼ ገባሁ አለ። እትዬ፣ ሣህሌ ፍቼን ረግጦ አያውቅም። ምናልባት ስለ በራችን አንድ ቀን አውርቼለት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሰኔ ሲገባ ለኤልፍነሽ ደብዳቤ መጣላት። ደሴ ያሉት አጎቷ ዐርፈዋል፤ ቀኑ ሚያዝያ 29፣ እኛ ስንጫወት የዋልንበት እሑድ። በሳምንቱ ለብርሃነመስቀል መጣለት። ጅማ ያለችው አክስቱ ናት፤ ግንቦት 6፣ የሚቀጥለው እሑድ። በምን እንደሞቱ ሁለቱም ደብዳቤዎች አይናገሩም። ኤልፍነሽ ጣቷን አጥፋ ቆጠረችና ቀና ብላ አየችኝ። ሦስተኛው እሑድ ግንቦት 13 ነበር። እሱም ካለፈ ሰንብቷል። የሆነ ነገር ካለ ሆኗል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። ኢንጂነሪንግ የሚማር ሰው በዚህ ማመኑ ያሳፍራል። አፈርኩም፣ ፈራሁም።

ሣህሌ ከእኛ ሸሽቶ ኢንግልዉድ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ገብቷል። ትናንት በስቲያ ሄድኩበት። ከስቷል። «እኔ ዝም ብዬ ነው ያወራሁት፤ በሩ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም» አለኝ። ፍቼን መልስልኝ አልኩት። እንዲሁ መመለስ ደንብ አይደለም፣ ጠይቀህ ውሰድ አለ። ከካርቶኑ የዚያኑ ግራኝ ካርድ አንሥቼ ደረቴ ላይ ለጠፍኩና ጠየቅሁት። ከንፈሩ ስሙን ሲጀምር አየሁ። ከዚያ ገጠመው። አላውቅም አለ፣ ፍቼንም ሰጠኝ። የዚያን ጊዜ እንዴት እንደወደድኩት ልነግርሽ አልችልም።

ያሸነፈ መግባት አለበትና ገባሁ። በገበያው አለፍኩ፣ ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ድንኳን የለም አልኩ፤ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ የለም አልኩ። ሰማያዊው በር ተዘግቷል። አንኳኳሁ። ኮቴ ሰማሁ፣ መቀርቀሪያው ተነሣ፣ በሩ ተከፈተ። ሣህሌ «ማን ከፈተልህ?» አለኝ። እማዬ ልል አሰብኩ፣ አንቺን ልል አሰብኩ፤ የማንም ፊት አልመጣልኝም። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሣህሌ ካርዱን ከደረቴ አንሥቶ ወደ ካርቶኑ መለሰው።

እንግዲህ በሩን ማን እንደከፈተልኝ አንቺ ጻፊልኝ። በሰው አታስጽፊ፤ በራስሽ እጅ ይሁን፣ አንድ መስመርም ይበቃኛል።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሽ ተሰማን እጅ እነሣለሁ። ከልጆቹ አዜብን ጉንጯን፣ ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ። እትዬ የሺመቤትንም ከነቤተሰባቸው በአጥሩ በኩል ሰላም በይልኝ። ማንንም አላስቀረሁም። አንቺም ሰላምታዬን ስታደርሺ ማንንም እንዳታስቀሪብኝ።

ደጅሽ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ወንድምሽ፣
ክፍሉ

ሎስ አንጀለስ፣ ሰኔ 20 ቀን 1970 ዓ.ም.