ከምላሴ ሥር የነበረው

ውድ ታናሽ እህቴ፣

«በሩን ከፍታ አየችኝና አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ዘጋችብኝ፤ ወይ ኮርታለች ወይ ጃጅታለች» ብለሻል አሉ። ወሬውን ያመጣችው ራዲዮ የምንላት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ስለሆነች ግማሹን እቀንሳለሁ። የቀረው ግን መታረም አለበት። አልኮራሁም፤ አልጃጀሁምም። አፌ ውስጥ መድኃኒት ነበር።

ዳሌዬን ቀዶ ጥገና ሲያደርጉኝ ያስታመምሽኝ አንቺው ነሽ። ሕመሙ ለቀቀኝ፤ የማስታገሻው ክኒን ግን አልለቅ አለኝ። ሲያልቅብኝ ያዛጋኛል፣ ያልበኛል፣ እግሬ አልጋ ላይ አላርፍ ይለኛል። ክኒኑ እየጎደለ ሲያስቸግረኝ አንቺን ጠረጠርሁ፤ የመድኃኒት ሳጥኔን ቆለፍሁ፣ የበሩንም ቁልፍ ቀየርሁ። ለካ የምጨርሰው እኔው ኖሬያለሁ። በአንዷ ፍሬ ግን እስካሁን እጠረጥርሻለሁ፤ ጥርስሽን ያመመሽ ሰሞን ነው።

ለዚሁ ብዬ የሄድሁባት ሐኪም ልጅ እግር ናት። ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ሌላ ክኒን አዘዘችልኝ።

«በሱስ ላይ ሱስ ልትጨምሪብኝ ነው?» አልኋት።

«እማማ፣ ያኛው ያሯሩጥዎታል፤ ይሄኛው ያሳርፍዎታል።»

አነጋገር የሚያሳምር ሐኪም አላምንም፤ መመሪያውን ራሴ ደጋግሜ አነበብሁት። ከተዋጠ አይሠራም፤ እስኪሟሟ ድረስ ዝም ማለት ነው። እንቅልፌ ተመለሰ። እጄም መንቀጥቀጡን ተወ፤ ጽሕፈቴን ተመልከቺ።

ያን ጠዋት ገና ከምላሴ ሥር እንዳደረግሁት አንኳኳሽ። «እትዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው የምትቆልፊብኝ?» አልሽኝ። ብመልስልሽ መድኃኒቱ ይባክናል። በእጄ ላስረዳሽ ስል ዓይንሽ ከትከሻዬ በላይ ሳጥኑን የፈለገ መሰለኝና ዘጋሁት። ሟሙቶልኝ ስከፍት ደረጃው ላይ ማንም የለም።

አሁን ደግሞ «ሱሰኛ ሆናለች፤ ነገ ሄጄ ክኒኑን እነጥቃታለሁ» ማለትሽን ሰማሁ። ራዲዮ ጨምራው ከሆነ ይቅርታሽን። ካልጨመረችው ግን እወቂው፤ ይሄን ከነጠቅሽኝ የምመለሰው ወደዚያኛው ነው፤ ያኔ «እትዬ» ብለሽ የምትጠሪው ሰው አታገኚም።

ደብዳቤውን የሕንፃው ዘበኛ ዛሬውኑ ያደርስልሻል። እንዳያነበው አጣብቄዋለሁ፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

ነገ ከሁሉ በፊት መቀርቀሪያውን አነሣለሁ። ለአንቺ ወንበር ከፊት ለፊቴ አኖራለሁ፤ በሳጥኑ በኩል አይደለም። የሳጥኑን ቁልፍ አንገቴ ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ አፌን በውኃ አርሼ ክኒኑን ከምላሴ ሥር አስቀምጣለሁ። ግቢና የቋጠርሽውን ሁሉ ተናገሪ፤ ከተወለድሽ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አላቋርጥሽም።

ታላቅ እህትሽ